አራት ሺህ ሰው የገባበት ጠብ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሄለን፣ ያለሽበት ድረስ።

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። አፊያ ነሽ ወይ? እኛ ለክብሩ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ፈንታዬ ጉልበቷን ያማታል፤ የሚያማት ግን እኔ ውሃ አቀብዪኝ ስላት ብቻ ነው። አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የዚያን አገር ብርድም ያቅልልሽ።

ይህን እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ አዲስ የተከፈተው ኮፒ ቤት ፎቶ አንስተው በኢንተርኔት ይልኩልሻል፤ ያንቺንም መልስ አትመው ይሰጡኛል። ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። ስልክ ለሰላምታና ለመርዶ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ቁም ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ እንደሚተን ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?

ለመጻፍ ያስነሳኝ ሬዲዮ ነው። ኮምፒውተር ራሱ ፕሮግራም መጻፍ ስለጀመረ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከየድርጅቱ እየተቀነሱ ነው አለ። ፈንታዬ «ሄለንስ?» አለችኝ። «ሄለን ጎበዝ ናት» አልኳት። «የተቀነሱትም ጎበዞች ነበሩ ይላል እኮ» አለችኝና ምሳችንን ሳንጨርስ ተነሳን።

ነገሩ እኛም ዘንድ ደርሷል። አንድ የወግዲ ሰው የድንበር ክሱን በዚያ ማሽን አስጽፎ መጣ፤ እኔ እዚያው በር ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀምጬ! ሬጅስትራሯ ስታነበው መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤቱን «ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» ይለዋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር ካለ ይጠይቁኝ» ይላል። ሴትዮዋ ሳቋ አላስቆም ብሏት ከቢሮ ወጣች። ሰውዬውም ወደ እኔ ተመለሰ፤ እንደገና ጻፍኩለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎረቤታችን ጀብሪል፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሰሞኑን ሰላምታዬን ይሸሻል። በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ጨርቅ ማጠፍ ይጀምራል፤ የታጠፈውን ዘርግቶ ነው መልሶ የሚያጥፈው። ልጁ ሁዜይፋ ካንቺ ጋር አልነበር ኮምቦልቻ የተማረው? የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

አጎትሽ አድማሴ

ታሊን፣ ኢስቶኒያ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አድማሴ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከረማችሁ? የእትዬ ፈንታዬን ጉልበት እግዜር ይማርልኝ፤ እርስዎም ውሃዎን ተነስተው ይቅዱ። እኔ ደህና ነኝ፣ ከሥራም አልተቀነስኩም።

የሬዲዮውን ነገር ላስረዳዎት። በእኛ ሙያ በየሳምንቱ አንድ የዓለም መጨረሻ አለ። ጠዋት አንድ ባለሀብት ተነስቶ «ከስድስት ወር በኋላ ኮድ የሚጽፍ ሰው አያስፈልግም» ይላል። እስከ ረፋዱ ግማሾቻችን ሙያ ለመቀየር እንወስናለን፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ንብ ለማነብ ወስኛለሁ። እስከ ምሳ ሌሎቹ «ሰውዬው ማሽኑን ሻጭ ስለሆነ እኮ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወሬውን ትቶ ማሽኑ ያበላሸውን ሲያርም ይውላል። ስለዚህ አብሽሩ።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ዜና ነው። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር «ጳጉሜ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ትቀይራለች። በነጻ ለቀቅናት፤ ማንም ይጠቀምባት፣ ማንም ያርማት ብለን። ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም የልደት ቀን የሚያሰላው በእሷ ነው። ባለፈው ወር ያ ሰው ምንም ሳይነግረኝ ለአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት አስረከባትና እሱም እዚያው ተቀጠረ! የሰማሁት እንደ ማንም ሰው ከዜና ነው። እኔም ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚሰበሰቡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ወጥቼ ከሃዲ አልኩት፤ ለሆዱ ያደረ አልኩት። እስከ ዛሬ አራት ሺህ ሰው አስተያየት ሰጥቷል፤ አብዛኛው ከእኔ ጋር ነው።

አሁን የምለምንዎት እርስዎን ነው። አንድ የሚያቃጥል የክስ ጽሑፍ ይጻፉልኝ፤ መድረኩ ላይ ልለጥፈው ነው። በእንግሊዝኛ የተሰደበ ሰው ብዙም አይሰማው፤ በእርስዎ አማርኛ ተጽፎ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። የሰውዬውን ስም መጥራት እንኳ አልፈልግም።

ስለ አባባ ጀብሪል ለጠየቁኝ፣ እኔ ምን አውቄ።

ልጅዎ ሄለን

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሄለን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈንታዬ ሳምልኝ ብላለች። መልሴ የዘገየው መብራት ጠፍቶ ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የኮፒ ቤቱ ማሽን ወረቀት በላ። ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እሱ ይቆይ።

ክስ ጻፍልኝ ብለሻል። እጽፋለሁ። ግን እኔ ዘንድ የመጣ ደንበኛ ዳኛም ቢሆን፣ ወንድሜም ቢሆን፣ ስድስት ጥያቄ ሳይመልስ ብዕሬ ወረቀት አይነካም። ያንቺን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስነበብኩት፤ መነጽሬ አንድ ዓይኑ ተሰንጥቆ ራሴ ማንበብ አልቻልኩም። ተከሳሽ የሚባል ሰው አላገኘሁበትም። «አንድ ሰው»፣ «ያ ሰው»፣ «ሰውዬው» ይላል። «አንድ ሰው» ተብሎ መጥሪያ አይወጣም ልጄ። ፖሊሱ ለማን ይስጠው?

ስለዚህ እነዚህን ሞልተሽ ላኪ። አንደኛ የከሳሽ ስም። ሁለተኛ የተከሳሽ ስም ከነአባቱ። ሦስተኛ አድራሻው። አራተኛ ተከሳሽ ምን አደረገ። አምስተኛ ከሳሽ ምን አደረገች። ስድስተኛ የምትጠይቂው ዳኝነት፤ ማለትም ነገሩ አልቆ ስትሄጂ በእጅሽ ምን እንዲኖር ትፈልጊያለሽ። ብዙ ሰው ስድስተኛው ላይ ነው የሚቸገረው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ እዚህ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ወረቀቷን ጠቅልላ ወደ ባሏ ተመለሰች።

ደግሞ ከመካነ ሰላም ኮምፒውተር ሊማር ኮምቦልቻ የወረደው ስንት ሰው ነው? እኔ የማውቀው ሁለት ብቻ ነው።

አድማሴ

ታሊን፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?

አንደኛ፦ ሄለን ይሄነው።

ሁለተኛ፦ እሺ ይሁን። ሁዜይፋ ጀብሪል።

ሦስተኛ፦ እንደምሰማው እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ለድርጅቱም የሚሠራው ከዚያው ሆኖ ነው።

አራተኛ፦ የሁለታችንን ሥራ ሳይነግረኝ ለባዕድ ሰጠ።

አምስተኛ፦ ምንም።

ስድስተኛ፦ አራት ሺህ ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ።

ይኸው ሞላሁ። አሁን ይጻፉልኝ፤ አያለዝቡልኝ። ጎረቤት ነው ብለው እንደሚሳሱለት አውቃለሁ፤ ግን ወንድሜ የምለው ሰው ነበር፣ የከፋውም ለዚያ ነው። እባክዎ አባባ ጀብሪል ይህን እንዳይሰሙ። ከእርስዎና ከእኔ ውጪ ማንም አይየው።

ሄለን

መካነ ሰላም፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፣

እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረሰሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ውሃም አጠገብሽ ይኑር።

ማንም አይየው ያልሽው ደብዳቤ ታይቷል። አዲሱን ኮፒ ቤት የከፈተችው ኢልሀም ናት። የጀብሪል ልጅ፣ የሁዜይፋ እህት ኢልሀም። ደብዳቤዎችሽን የምታትማቸው እሷ ናት፤ መነጽሬ ስለተሰነጠቀም ጮክ ብላ የምታነብልኝ እሷ ናት። ጥቅምት ላይ «ከሃዲ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። «ለሆዱ ያደረ» የሚለውን አንብባ «ጋሼ አድማሴ፣ ይሄን ልድገመው?» አለችኝ። እኔ ያን ዕለት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በኋላማ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት፤ የሷን አፍ ስሰማ ያንቺን ነገር ይበልጥ ስለሚገባኝ ነው። ለካ ጀብሪልም ጨርቁን የሚያጥፈው ስድብሽን በሰው ስልክ አይቶት ነው።

ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ፤ የዘገየሁት ለዚህ ነበር። ጀብሪልም በርጩማ ሰጠኝ። ከዚያ «ልጅህ ልጄን ሰደበች» አለኝ። «ልጅህ የልጄን ሥራ ሰጠ» አልኩት። «እንግዲህ ለአበጋር እንስጠው» ተባባልን። ወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ የሚታረቅበት ወግ እያለ፣ እኛ በበርጩማ ላይ ስንኮራረፍ ማየት ሁለታችንንም አሳፈረን።

አስታራቂዎቹ ሽማግሌዎች ሼህ ይመርና መሪጌታ ኪዳነማርያም ተቀመጡ። መጀመሪያ ጠቡ የተነሳበት ቦታ ይታይ አሉ። ኢልሀም «ቦታ የለውም፣ ኢንተርኔት ላይ ነው» አለች። «ማን ነበረ?» ሲሏት «አራት ሺህ ሰው» አለች። መሪጌታ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወረኢሉ ላይ ያስታረቁት ትልቁ የግጦሽ ጠብ እንኳ ስልሳ ሰው ነበረው። «እንግዲህ ወገን ሳይታረቅ ባለጉዳዩ አይታረቅም፤ ሁሉም ይጠሩ» አሉ። ኢልሀም ጽሑፉን ታትም ጀመር። ዘጠና ገጽ ላይ ቀለም አለቀባት።

ከዚያ በአማርኛ እየተረጎመች ስታነብ ዋለች። «የኖርዌይ ሽንኩርት» የሚባል ሰው ሁዜይፋን ክፉኛ ይሰድባል።

«ይሄ ሽንኩርት የማን ወገን ነው?» አሉ ሼህ ይመር።

«የሄለን።»

«ዘመዷ ነው?»

«አይደለም።»

«ሁዜይፋን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገው? አባቱስ ማን ነው?»

ሌላው ደግሞ ጳጉሜ በሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ብትጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብሎ ሰባ ሰው ከሱ ጋር ብቻ ሲጣላ ውሏል። መሪጌታ እሱን በሌላ ቀን እናየዋለን ብለው ለብቻው መዘገቡት።

በመጨረሻ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በዚህ ጠብ የገባ ሁሉ ስሙን ከነአባቱና መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ፣ መቅረብ ያልቻለ ወኪል ይላክ፣ ነገሩ የማይመለከተው ደግሞ ቃሉን አንስቶ በሰላም ይሂድ ብዬ ጻፍኩ። የእድራችንን ማህተም መታሁበት። ኢልሀም በማሽኑ እንግሊዝኛውን ከሥር አስጽፋ በዚያ መድረክ ላይ ለጠፈችው። ማሽኑ ለዚህስ ይጠቅማል፤ አልክድም።

አሁን ወደ ክስሽ ልመለስ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ «ምንም» ብለሻል። በዚህ ከተከሳሹ ጋር ተስማምታችኋል። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላደረገችም ነው የሚለው። ጳጉሜን ብቻውን ሲጠብቅ፣ ከየአገሩ ይህ ተበላሸ፣ ያ ይስተካከል እያሉ የሚጮሁበትን ብቻውን ሲመልስ፣ እንድታግዢው አሥራ አንድ ደብዳቤ በኢሜይል ጽፎልሽ ነበር አሉ። እውነት ነው ወይ? ይህን ሳታጣሪልኝ ብዕሬን አላነሳም።

አጎትሽ አድማሴ

ታሊን፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ! ምን ጉድ ሠሩኝ!

ሰላምታውን ከመጨረሻው ያግኙት። ሥራ ገብቼ መድረኩን ብከፍት የመካነ ሰላም እድር ማህተም ፊቴ ላይ! አለቃዬ መጥቶ «ይህ የመንግሥት ነገር ነው?» አለኝ። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ አንዱ «ወኪል ሲባል ስንት ሰው ይወክላል?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀ። ከብራዚል አንድ ሰው የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ለጠፈ። ከዚያ የኖርዌይ ሽንኩርት ስሙን ከነአባቱ ጻፈና «ሁለቱንም አላውቃቸውም፤ ጉዳዩ አይመለከተኝም ነበር፤ ቃሌን አንስቻለሁ» አለ። ከሱ በኋላ እንደ በግ ተከታትለው አነሱ። እስከ ትናንት ከሺህ በላይ ስድብ ጠፍቷል። የቀሩት ደግሞ ማስታወቂያዎ የሁሉም ፕሮግራም ደንብ ይሁን አይሁን በሚለው እየተጣሉ ነው፤ ሁለት ወገን ሆነዋል።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ኢሜይሌን ፈለግሁ። አሥራ አንዱም አሉ ጋሼ። እዚህ እንደመጣሁ የድሮ መልእክቶች ሁሉ ወደ አንድ ጥግ እንዲገቡ አድርጌ ነበር፤ በኋላ አያቸዋለሁ ብዬ። አንዳንዶቹን ከፍቻቸዋለሁ፣ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነገ እመልሳለሁ ብዬ ዘጋኋቸው። የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቀልድም አላቸው። እያደሩ ያጥራሉ። የመጨረሻው ከመስከረም በፊት የመጣ ነው፣ «ሄለን፣ እሺ በቃ» ይላል። ሌላ የለውም።

አፈርኩ። እሱ በሌለበት ከሃዲ ብዬ የጮህኩት እኔ፣ ሲጠራኝ የዘጋሁት እኔ። አልቅሻለሁም። ሳይነግረኝ ሰጠ አልኩ፤ ለማን ይንገር?

ኢልሀም፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ ፊትሽን ማየት አልችልም።

ጋሼ፣ ክሱን ይተዉት። ይልቅ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። እኔ ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ እርስዎ ይችሉበታል። ለእትዬ ፈንታዬ ሰላም ይበሉልኝ።

ሄለን

መካነ ሰላም፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፣

አብሽሪ። ያላጠፋ ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ አያውቅም፤ ሰው ባያጠፋ ኖሮ ሥራ አጥቼ እራብ ነበር።

የይቅርታ ደብዳቤ ግን አልጽፍልሽም። ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የጠፋ በሬ ሁሉ ጽፌያለሁ። ይቅርታ ጽፌ አላውቅም። የሚከፍለኝ አጥቼ አይደለም፤ በሌላ ሰው እጅ ከተጻፈ ይቅርታ አይሆንም።

እርቁ የሆነው ባለፈው እሑድ ነው። አንቺም በስልክ እንድትገኚ ኢልሀም ብዙ ሞከረች፤ ኔትወርኩ እምቢ አለን። ሁዜይፋ ከኮምቦልቻ መጣ፤ ከስቷል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እሱን ወቀሱት። ቢደክምህም፣ መልስ ብታጣም፣ የጋራ ነገር ከመስጠትህ በፊት በአባትህ በኩል እንኳ ልትልክባት ይገባ ነበር አሉት። አጥፍቻለሁ ብሎ ተቀበለ። ያንቺን ደብዳቤ፣ አፈርኩ ያልሽውን፣ ኢልሀም አነበበችላቸው። ይህኛው ላይ ድምፅዋ ተቀየረ።

የጳጉሜን ነገር፣ ለድርጅት መሰጠቷን፣ ሽማግሌዎቹ አልነኩትም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሁለታችሁ ተነጋገሩበት። እነሱ የያዙት ጓደኝነታችሁን ነው። ሁዜይፋን ካሳ ምን ትፈልጋለህ አሉት። ጀብሪል በክርኑ ጎሰመው። «መልስ» አለ ልጁ። «የጻፍኩላትን ትመልስልኝ።»

ስለዚህ እንዲህ ተፈርዶብሻል። አሥራ አንዱን ደብዳቤ በየተጻፉበት ተራ፣ አንድ በአንድ ትመልሻለሽ። ሁለቱን ባንድ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ አይቻልም። በኢልሀም ኮፒ ቤት ታትሞ በጀብሪል እጅ ይደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ መርቀዋችኋል፤ እኔና ጀብሪልም አብረን ምሳ በላን። ፈንታዬ ያለ ጉልበት ሕመም አስተናገደች።

አጎትሽ አድማሴ

ታሊን፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሁዜይፋ ጀብሪል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለአባባ ጀብሪልም፣ ማንበቧ ለማይቀረው ለኢልሀምም።

ይህ ጥር 8 ቀን 2015 ለጻፍክልኝ፣ ለመጀመሪያው ደብዳቤህ መልስ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሄሉ፣ አንዲት የኩታበር እናት የልጇ የልደት ቀን በጳጉሜ ምክንያት ተሳስቶ ትምህርት ቤቱ ልጇን አልመዘግብም ብሏታል። ስህተቱ አንቺ በጻፍሽው መስመር ላይ ይመስለኛል፤ ግን አንቺ ሳታዪው መንካት አልፈለግሁም። ሰኞ ይመቸሻል?»

አየሁት። ስህተቱ የእኔ ነበር። ሦስት ሳምንት ጠብቀኸኝ ብቻህን እንዳስተካከልከው፣ ከጎኑም የእኔን ስም እንደጻፍክበት አሁን ገና አየሁ።

ይቅር በለኝ ሁዜይፋ። ሰኞ ይመቸኛል።

ሄለን